የማኖር ጥበብና የከርሰ ምድር ነዋሪዎች፦ ረቂቅ ተሕዋስያን በኑክሌር ዝቃጭ ጥበቃ ታሪክ ውስጥ ያላቸው ስፍራ

መግቢያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጀልባ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ጥቂት ሰዓት እንደ ሄደ ከጣና ደሴቶች ሁሉ የሚሰፋውን ደቅን፣ ከአጠገቡም እንደ ጉልላት ብቻዋን ቀጥ ብላ የቆመችውን ዳጋን ያገኛል። በደቅ ምዕራባዊ ጠርዝ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ከሌሎች ነገሥታት ዐፅም ጋር በክብር ተቀምጦ ይገኛል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያረፉት በ1468 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ)። እንግዲህ ከ550 ዓመት በላይ የተጠበቀ አደራ ማለት ነው።

የደሴቶቹ አባቶች ይህን የመሰለውን አደራ እንዴት ሊጠብቁት ቻሉ? ውሃው ከጠላት እንደ ለያቸው እውነት ነው። ነገር ግን ውሃ ከጠላት ይለያል እንጂ ከሻጋታ፣ ከብልና ከምስጥ አይለይም። ስለዚህ የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ሆኖ ከግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ በምድር ላይ አይጣልም። ያረጀው ይጠገናል፤ ከመጠገን ያለፈው ይገለበጣል። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው መነኩሴ ሲያርፍ ሌላው ይተካል። ጥበቃ ማለት የግድግዳና የቁልፍ ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ ነገርን ከሚበሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ጋር ያለ ዕረፍት የሚደረግ ትግል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በዘመናችን የምሕንድስና ሙያ ከዚህ እጅግ የከበደ አደራ ተቀብሏል። ከኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚወጣው ያገለገለ ነዳጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት አደገኛ ሆኖ ይኖራል። በውስጡ ከሚገኙት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ፕሉቶኒየም 239 መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ 24,100 ዓመት ይፈጅበታል። ለዚህን ያህል ዘመን ዕቃ ቤት የሚጠብቅ ማኅበር ይኖራል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። በምድር ገጽ ላይ የሚታየው ነገር ራሱ ለዚህን ያህል ጊዜ አይጸናም። ተመራማሪዎች ከጣና ሥር ያወጡትን ደለል መርምረው በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ሐይቁ ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደ ነበር ገልጠዋል። ዛሬ በጀልባ የምንሻገረው ውሃ በዚያን ጊዜ በእግር የሚታለፍ ምድር ነበር ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት መሐንዲሶች ከገጸ ምድር ተስፋ ቆርጠው ወደ ጥልቀት ወረዱ። ሐሳባቸው በብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት ያለው ድንጋይ የማይለወጥ፣ ጸጥ ያለና ሙት ነው የሚል ነበር። የማይለወጥና ጸጥ ያለ መሆኑ በመጠኑ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ሙት ነው የተባለው ግን እውነት አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ግምት እንዴት እንደ ፈረሰ፣ በእርሱም ምትክ ምን ዓይነት የምሕንድስና ሥርዓት እንደ ተተካ በአጭሩ ማውሳትና፣ ነገሩ የእኛንም በር ማንኳኳቱን ለባልደረቦቼ ማመልከት ነው።

ሙት ነው የተባለው ጥልቀት

ታሪኩ የሚጀምረው ኑክሌር የሚባል ነገር ከመታሰቡ በፊት ነው። በ1895 ማርቲኑስ ቤየሪንክ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በዴልፍት ከተማ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖር አንድ ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። እኛ ኦክስጅን ተንፍሰን እንደምንኖር፣ ይህ ፍጥረት ሰልፌት የሚባለውን ጨው ይተነፍሳል፤ በምትኩም የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ሰልፋይድ ያወጣል። ይህን ወገን በዚህ ጽሑፍ ሰልፌት ተንፋሽ እያልን እንጠራዋለን። በታሪካችን ደጋግሞ ይመጣልና አንባቢ ስሙን እንዲይዝልኝ ያስፈልጋል።

በ1926 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር የነበሩት ኤድሰን ባስቲን፣ ከነዳጅ ዘይት ጉድጓዶች ጋር የሚወጣው ጥልቅ ውሃ ለምን ሰልፋይድ እንደሚሸት ጠየቁ። የባክቴሪያ ተመራማሪ ከሆኑት ከፍራንክ ግሪር ጋር ሆነው ናሙናውን ቢመረምሩ ሰልፌት ተንፋሾችን አገኙ። ነገር ግን ብዙዎች ባክቴሪያዎቹ ከመቆፈሪያው ጋር ከላይ የወረዱ እንጂ የጥልቀቱ ተወላጆች አይደሉም በማለት ግኝቱን አቃለሉት። ክርክሩም ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሳይቋጭ ኖረ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከእኛው ሙያ ነው። የሆላንድ የውሃ መሐንዲሶች በረግረግ ምድር የቀበሯቸው የጊዛ ቧንቧዎች፣ አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ሆነው ሳለ ይበሉ ነበር። ዝገት ኦክስጅን የሚፈልግ መሆኑ ስለ ታመነ ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነ። በ1934 ፎን ቮልትሶገን ኩርና ፋን ደር ፍሉኽት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የቧንቧዎቹ በላተኞች ሰልፌት ተንፋሾች መሆናቸውን የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። ንድፈ ሐሳቡ ኋላ በብዙ ቢሻሻልም፣ ባክቴሪያ ብረትን ያስበላል የሚለው ፍሬ ነገር ጸንቶ ቀረ።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ብናገር ለነገሩ ማስረጃ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቅ ደሴት ላይ አገልግሎት ያቆመ አንድ የእጅ ፓምፕ ለማየት ሄጄ ነበር። ቧንቧውን ስናወጣው ላዩን ቀይ አተላ ለብሶታል፤ አተላው ሲጠረግ ከሥሩ ጥቁር ቆዳ ታየ፤ ጥቁሩ ሲፋቅ ደግሞ ብረቱ እንደ ነቀዘ ባቄላ ተቦርቡሮ ነበር። በአጠገባችን የቆሙ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ውሃው መሽተት የጀመረው እኮ ከክረምቱ በፊት ነው፤ ልብስ ስናጥብበት ያገማል» አሉኝ። እኔ ግን በሪፖርቴ ላይ «ቧንቧው በዝገት ተበላ» ብዬ ጽፌ አለፍሁ። የሽታውን ነገር አልጻፍሁትም፤ ከውሃውም ናሙና አልወሰድሁም። አዲስ የተተከለው ቧንቧ እንደ ቀድሞው ሲበላ ነው የሴትዮዋ ቃል ትዝ ያለኝ። የባስቲንን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ በዚያ ዘመን ነገሩን ያቃለሉትን ሰዎች ለመፍረድ አፌን ያልከፈትሁት ስለዚህ ነው።

ጨረራ ያልገደላቸው

በ1957 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የጨረራ ዝቃጭን በምድር ውስጥ ስለ ማኖር አንድ ታዋቂ ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱ ከሁሉ የተሻለው ስፍራ ጥልቅ የጨው አልጋ መሆኑን አመለከተ፤ ጨው በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሳይሟሟ መገኘቱ ራሱ ውሃ እንዳልዞረበት ምስክር ነውና። በዚያ ዘመን የመሐንዲሶች ውይይት ስለ ሙቀት፣ ስለ ውሃና ስለ ድንጋይ ጥንካሬ ነበር። ሕይወት ያለው ነገር ወደዚያ ቢወርድ እንኳ ጨረራው ይፈጀዋል የሚለው አስተሳሰብ ለሰሚው ሁሉ ተገቢ ይመስል ነበር።

ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1956፣ በኦሪገን ክፍለ አገር አርተር አንደርሰን የተባለ ተመራማሪ አንድ እንግዳ ነገር ገጥሞት ነበር። በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ ማንኛውንም ሕይወት ይገድላል በተባለ የጋማ ጨረራ ከተመታ በኋላ ተበላሸ። ከሥጋው ውስጥ የወጣው ባክቴሪያ ዛሬ ዴይኖኮከስ ራዲዮዱራንስ ይባላል። ሰውን ለመግደል 5 ግሬይ ያህል ጨረራ ሲበቃ፣ ይህ ፍጥረት 5,000 ግሬይ ተቀብሎ የተበጣጠሰ ዘረ መሉን መልሶ ይጠግናል።

ነገሩ በቤተ ሙከራ ብቻ አልቀረም። በመጋቢት 1979 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ የስሪ ማይል አይላንድ የኃይል ማመንጫ አደጋ ከደረሰበት በኋላ፣ ሠራተኞች የቀለጠውን ነዳጅ ከውሃ ሥር በካሜራ እያዩ ማውጣት ነበረባቸው። በ1986 መጀመሪያ ላይ ግን ውሃው ደፈረሰና ካሜራው ማየት ተሳነው። ያደፈረሱት በጨረራ በተበከለው ውሃ ውስጥ የተራቡ ረቂቅ ተሕዋስያን ነበሩ። ውሃው እስኪጠራ ሥራው ዘገየ፤ ተሕዋስያኑንም ለመግደል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መጠቀም ግድ ሆነ። ከዚህ በኋላ ጨረራ ብቻውን ዘበኛ ይሆናል የሚል መሐንዲስ ማስረጃ ማቅረብ ነበረበት።

የኦክሎ ምስክርነት

በዚህ መካከል ከአፍሪካ ምድር አንድ ታላቅ ምስክር ተነሣ። በ1972 በፈረንሳይ አገር ፒየርላት በሚገኘው የዩራኒየም ፋብሪካ የሚሠሩ ተንታኞች፣ ከጋቦን ከመጣ ማዕድን ውስጥ የዩራኒየም 235 ድርሻ በየትም ስፍራ እንደሚታወቀው 0.7202 በመቶ ሳይሆን 0.7171 በመቶ መሆኑን አስተዋሉ። ልዩነቱ ኢምንት ቢመስልም በዚህ ሙያ የጎደለ ነገር ሁሉ ይፈለጋል። ፍለጋውም ያመራው ኦክሎ ወደሚባለው የማዕድን ስፍራ ነበር። እዚያ ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዩራኒየሙ በውሃ ረዳትነት በራሱ ጊዜ ነድዶ በብዙ መቶ ሺህ ዓመታት እየበራና እየጠፋ እንደ ተፈጥሮ የኃይል ማመንጫ ሆኖ ሠርቶ ነበር። ፖል ኩሮዳ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን እንደሚችል አስቀድመው በ1956 ጽፈው ነበር።

ለመሐንዲሶች ያስደነቀው ከዚያ የሚከተለው ነው። ከእሳቱ የቀረው ዝቃጭ አብዛኛው፣ በተለይም ፕሉቶኒየሙ፣ ምንም ዓይነት የመዳብ ዕቃና የሲሚንቶ ግድግዳ ሳይኖረው ከተወለደበት ስፍራ እምብዛም አልራቀም። የኦክሎ ታሪክ ከረቂቅ ተሕዋስያን ጋር ያለው ዝምድና ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ይታለፋል። በመጀመሪያ በጥንታዊው ዓለም ኦክስጅንን ያፈሩት የፀሐይን ብርሃን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ኦክስጅን ባይኖር ዩራኒየሙ በውሃ ሟሙቶ ሊጓዝ ባልቻለ። ሁለተኛም የሟሟው ዩራኒየም እንደ ገና የረጋውና የተከማቸው ከሕያዋን ቅሪት የመጣ ካርቦን ባገኘበት ስፍራ ነው። ማገዶውን በማጓጓዝም ሆነ በማከማቸት ሕይወት እጅ ነበራት ማለት ነው።

መዳብ፣ ጊዛና ዋልካ

ይህን ሁሉ ወደ ምሕንድስና ሥርዓት የለወጠችው በተለይ ስዊድን ናት። በ1983 የቀረበውና ኋላ የተሻሻለው የስዊድን ዕቅድ እንዲህ ነው። ያገለገለው ነዳጅ በጊዛ መያዣ ውስጥ ይገባል፤ ጊዛው 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ልባስ ይደረግለታል፤ ይህ ዕቃ 500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ጠንካራ ድንጋይ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀመጣል፤ በዙሪያው ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል። መዳብ የተመረጠበት ምክንያት ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ውስጥ እጅግ የሚጸና በመሆኑ ነው። ነገር ግን መዳብ በዚያ ጥልቀት አንድ ታላቅ ጠላት አለው፤ እርሱም ሰልፋይድ ነው። ሰልፋይድን ማን እንደሚያወጣው አንባቢ ያስታውሳል።

ከ1987 ጀምሮ በየተቦርግ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ካርስተን ፔደርሰን ከስዊድን ጥልቅ ድንጋይ የሚወጣውን ውሃ መመርመር ጀመሩ። ከ1990 እስከ 1995 በተቆፈረውና 460 ሜትር በሚጠልቀው የኤስፖ የድንጋይ ቤተ ሙከራም ጥናቱ ቀጠለ። በጥልቀቱ ውሃ፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ፣ ከሺህ እስከ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ተሕዋስያን ተገኙ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ያስጀመረው የከርሰ ምድር ጥናት፣ ከላይ የሚወርደውን ብክለት በጥንቃቄ እየለየ ቆፍሮ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። ከ60 ዓመት በኋላ የባስቲን ክርክር በዚህ ተቋጨ፤ ተሕዋስያኑ የጥልቀቱ ተወላጆች ናቸው።

እንግዲህ መሐንዲሱ ምን ያድርግ? ሊገድላቸው አይችልም፤ ቤንቶናይቱ ራሱ ከተቆፈረበት ሲመጣ አንቀላፍተው የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ይዞ ይመጣል። መልሱ የተገኘው እኛ በሚገባ ከምናውቀው አፈር ነው። በፎገራና በደምቢያ ሜዳ መንገድ ወይም ቤት የሠራ ባልደረባ ሁሉ ዋልካን ያውቃታል። በክረምት ውሃ ጠጥታ ታብጣለች፤ በበጋ ተሰነጣጥቃ መሠረት ታናጋለች። የዋልካን ባሕርይ የሚወስነው የማዕድን ወገንና የቤንቶናይት ማዕድን አንድ ቤተ ሰብ ናቸው። ለእኛ መቅሠፍት የሆነው ማበጥ ለስዊድኖች መከላከያ ሆነ። በጠባብ ስፍራ ታምቆ የተጠቀጠቀ ቤንቶናይት ውሃ ሲያገኝ የሚሰፋበት ስለሌለው ቀዳዳዎቹን ሁሉ ይዘጋል። አንድ ባክቴሪያ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያህል ቢሆን፣ በሸክላው ውስጥ የሚቀረው ክፍተት ከእርሱ እጅግ ያነሰ ነው። በስዊድንና በካናዳ በተደረጉ ሙከራዎች የደረቅ ሸክላው ጥግግት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.6 ግራም ሲደርስ፣ የማበጥ ግፊቱም ከ2 ሜጋ ፓስካል፣ ማለትም በስኩዌር ሴንቲ ሜትር ከ20 ኪሎ ግራም ያህል ሲያልፍ፣ ባክቴሪያዎቹ እንደ ተኙ ይቀራሉ። አይሞቱም፤ ነገር ግን አይበሉም፣ አይባዙም።

ይህ መልስ ጥርጣሬን ሁሉ አላስወገደም። ሸክላው በዘመናት ውስጥ በውሃ ታጥቦ ቢሳሳ የተኙት ይነቃሉ፤ ከሸክላው ውጭ ባለው ድንጋይ ስንጥቅ የሚወጣው ሰልፋይድም ቀስ በቀስ ወደ መዳቡ ሊደርስ ይችላል። በጥር 2018 የስዊድን የመሬትና የአካባቢ ፍርድ ቤት መዳቡ ስለሚበላበት ሁኔታ ተጨማሪ ማስረጃ እንዲቀርብ ሲጠይቅ፣ ከዘረዘራቸው ጥያቄዎች መካከል የሰልፋይድ ነገር ነበረበት። መንግሥቱ ፈቃዱን የሰጠው በጥር 2022 ሲሆን በፎርስማርክ ግንባታ የተጀመረው በ2025 ነው። ተመሳሳይ ዕቅድ የያዘችው ፊንላንድ በኦልኪሉኦቶ ከ2004 ጀምራ ቆፍራ፣ በ2024 እውነተኛ ዝቃጭ ሳይገባበት የሙከራ ሥራ ጀምራለች። ከዕቅድ እስከ ፍጻሜ 40 ዓመት ያለፈበት አንዱ ምክንያት በዓይን የማይታይ ፍጥረት መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ሁለት ዓይነት ጉድጓድ

በአገራችን ከምድር በታች የማኖር ጥበብ ሁለት መንገድ አለው። የሐረርጌ ገበሬ እህሉን በጉድጓድ ከትቶ አፉን በሚገባ ይደፍነዋል። እህሉና ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ተንፍሰው ሲጨርሱት ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ እህሉ ይተርፋል። ውሃ ከገባ ግን ሻጋታው እህሉን ይወርሰዋል። የጉራጌና የሲዳማ እናቶች ደግሞ እንሰቱን ፍቀው በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ሲቀብሩ፣ ተሕዋስያኑ እንዲሠሩ ሆን ብለው ይተዋቸዋል። የሚብላላው ቆጮ በዚያ ሥራ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። የመጀመሪያው ጉድጓድ በላተኛውን ያፍናል፤ ሁለተኛው በላተኛውን ይቀጥራል። የኑክሌር ዝቃጭ መሐንዲሶችም ሳያውቁት ሁለቱንም መንገድ ይዘዋል።

የማፈኑን መንገድ ከላይ አይተናል። የመቅጠሩን መንገድ የከፈተው በ1991 ዴሪክ ላቭሊና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ነው። ብረትን የሚተነፍስ አንድ ባክቴሪያ በውሃ የሟሟ ዩራኒየምን ተንፍሶ ወደማይሟሟ ዓይነት እንደሚለውጠው አሳዩ። በኦክሎ ዩራኒየሙን ካረጋው ነገር ጋር የሚቀራረብ ሥራ በአንድ ረቂቅ ፍጥረት ሲፈጸም ታየ። ስለዚህ ከመያዣው ያመለጠ ዩራኒየም በመንገዱ ላይ የሚይዘው ዘበኛ ሊኖረው ይችላል።

በስዊዘርላንድ በሞንት ቴሪ ተራራ፣ 300 ሜትር ገደማ ከምድር በታች፣ ከ1996 ጀምሮ የሚሠራ የሸክላ ድንጋይ ቤተ ሙከራ አለ። በ2002 በተጀመረው አንድ ሙከራ የድንጋዩን ውሃ ተፈጥሯዊ ጠባይ ለመለካት ተሞከረ፤ ነገር ግን ውሃው ሳይጠበቅ ሰልፋይድ ማሳየት ጀመረ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከመለኪያው ኤሌክትሮድ ውስጥ ያመለጠ ግሊሰሮል ለሰልፌት ተንፋሾች ምግብ ሆኗቸው ተገኘ። ሊለካ የገባው መሣሪያ የሚለካውን ነገር መገበ ማለት ነው። በዚያው ተራራ በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በጎ ዜና ይዞ መጣ። የብረት መያዣ ኦክስጅን በሌለበት ሲበላ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ይህም ጋዝ ተከማችቶ ድንጋዩን እንዳይሰነጥቅ ይፈራ ነበር። በሸክላው ድንጋይ የሚኖሩት ተሕዋስያን ግን ሃይድሮጅኑን ይበሉታል። ስለዚህ በማከማቻው አንድ ክፍል ሆን ተብሎ የሚኖሩበት ቦታ ቢተውላቸው የጋዙን ግፊት ይቀንሳሉ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የቆጮ ጉድጓድ ማለት ይህ ነው።

ምግብ ሳይታሰብ ሲገባ የሚሆነውንም ዓለም ተምሯል። ዝቅተኛ ጨረራ ያለው ዝቃጭ በአብዛኛው ጓንት፣ ጨርቅ፣ ወረቀትና እንጨት ነው፤ ይህም ለተሕዋስያን ድግስ ነው። በፊንላንድ ከ1997 ጀምሮ እንዲህ ያለ ዝቃጭ በውሃ በተሞላ ጋን ውስጥ ተቀምጦ ሲጠበቅ፣ ተሕዋስያኑ እየበሉት ሜቴን ጋዝ ሲያወጡ ተለክቷል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በ655 ሜትር ጥልቀት በጨው ውስጥ የተሠራው ማከማቻ በመጋቢት 1999 ዝቃጭ መቀበል ሲጀምር፣ ከዝቃጩ ጋር ማግኒዥየም ኦክሳይድ አብሮ እንዲቀመጥ የተደረገው ተሕዋስያን ወረቀቱንና ጨርቁን በልተው የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲይዝ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በደቡብ አፍሪካ የምፖኔንግ የወርቅ ማዕድን በ2.8 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የተገኘው ነው። በ2008 በወጣው ጥናት፣ ከዚያ ስንጥቅ በወጣ ውሃ ውስጥ አንድ ሰልፌት ተንፋሽ ብቻውን ያለ ሌላ ጎረቤት እንደሚኖር ታወቀ። የምግቡ ምንጭ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ዩራኒየም ነው፤ ከዩራኒየሙ የሚወጣው ጨረራ ውሃውን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ተሕዋሲው ሃይድሮጅኑን ይበላል። ቀድሞ ጨረራ ይገድላቸዋል ተብሎ ነበር፤ እዚህ ግን ጨረራው ሲመግብ ተገኘ።

ነገሩ ወደ እኛ ሲመጣ

አንዳንድ ባልደረባ ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ጭንቀት ነው ይል ይሆናል። እንዲህ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 ነው። የጨረራ ጉዳይ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት በ1993 በአዋጅ ተቋቁሟል። በመስከረም 2025 ደግሞ ኢትዮጵያና ሩሲያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርመዋል። ማመንጫው የሚታሰብ ከሆነ ዝቃጩም አብሮ መታሰብ አለበት።

ከዚህም በላይ ዝቃጩ ቀድሞውኑ በእጃችን ነው። በመንገድ ሥራ ላይ የአፈርን እርጥበትና ጥግግት የምንለካበት የኑክሌር መለኪያ በውስጡ ሴዚየም 137ና አሜሪሲየም 241 ይይዛል። የሴዚየሙ የግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት፣ የአሜሪሲየሙ 432 ዓመት ነው። የዛሬ 432 ዓመት ገደማ የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነበሩ፤ በእርሳቸው ዘመን የተቀበረ አሜሪሲየም ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ግማሹ በቦታው በተገኘ። እንዲህ ያሉ ያገለገሉ ምንጮችን በጠባብ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ከ30 ሜትር በታች፣ በማይዝግ ብረትና በሲሚንቶ ከቦ ማኖር በደቡብ አፍሪካ የተጀመረና በዓለም አቀፉ ኤጀንሲ የተደገፈ ዘዴ ነው። ይህ ጥልቀት የእጅ ፓምፕና የውሃ ጉድጓድ የምንቆፍርበት፣ ተሕዋስያንም የሚበዙበት ንብርብር ነው።

ለሕይወትም ወሰን እንዳላት የሚያሳየው ምስክር ያለው በአገራችን ነው። በ2019 በዳሎል ፍል ኩሬዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጨው፣ አሲድና ሙቀት ከልክ ባለፉበት አንዳንድ ኩሬ ውስጥ ውሃ እያለ ሕይወት አለመኖሩን አመለከተ፤ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ በዚያው በዳሎል እጅግ ረቂቅ የሆኑ ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። ሁለቱ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ። በአንድ ስፍራ ሕይወት መኖሯና አለመኖሯ የሚወሰነው በመለካት እንጂ በግምት አይደለም።

መደምደሚያ

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር በሦስት ቃላት ሊጠቃለል ይችላል፤ ውሃ፣ ምግብና ስፍራ። ከሦስቱ አንዱን የነፈገ ማከማቻ በላተኛውን ያስተኛል፤ ሦስቱን ያለ ሐሳብ የሰጠ ማከማቻ ግን ግድግዳው ምንም ቢወፍር ከውስጥ ይበላል። ይህን ለማወቅ የባስቲን ጥያቄ ከተነሣ በኋላ 60 ዓመት ያህል የፈጀው፣ ሽታና አተላ በሪፖርት ላይ «ብክለት» ወይም «ዝገት» ተብሎ ስለ ታለፈ ነው።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በየአገሩ ጥልቅ ጉድጓድ ስንቆፍር የድንጋዩን ዓይነትና የውሃውን ልክ እንደምንመዘግብ ሁሉ፣ የሰልፌቱንና የሰልፋይዱን መጠን፣ የውሃውን ሽታና በቧንቧው ላይ የበቀለውን አተላ እንመዝግብ። ለተሕዋስያን ምርመራ የሚሆን ናሙናም በንጹሕ ዕቃ ተወስዶ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይላክ። ዛሬ ከውሃ ጉድጓድ የምንሰበስበው መዝገብ፣ የማከማቻ ቦታ የሚመርጠው የነገው መሐንዲስ ከባዶ እንዳይጀምር ያደርገዋል።

የደቅና የዳጋ አባቶች አደራውን እስከ ዛሬ ያደረሱት በየትውልዱ ሰው እየተካ፣ እርጥበቱንና ብሉን እየተጠባበቀ ነው። እኛ ከምድር በታች የምናኖረው አደራ ግን አንድ ቀን ተደፍኖ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማኅደሩን ከግድግዳ ላይ የሚያነሣ፣ ያረጀውንም የሚገለብጥ ሰው አይኖርም። እንግዲህ መነኩሴው በየዓመቱ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ሁሉ መሐንዲሱ ጉድጓዱን ከመድፈኑ በፊት አንድ ጊዜ አስቦ መፈጸም ይኖርበታል።